የአሜሪካን የአደራ ልጆች ዳታ ይዤ ስለ መንዝ ልጆች ምን ልጽፍ? (ምክር ፈልጌ ነው)

የመንዝ_ልጅ (ማክሰኞ ማታ 2፡20)

ሰላም ቤቶች። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና ያዙ።

ጤና መኮንን ነኝ። ስድስት ዓመት ጤና ጣቢያ ሠርቼ አሁን ደብረ ብርሃን በኅብረተሰብ ጤና ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ለቴሲስ ያሰብኩት ከወላጆቻቸው ጋር ስለማይኖሩ ልጆች ጤና ነው። ከአያት፣ ከአክስት፣ ከክርስትና እናት ጋር የሚያድጉትን ማለቴ ነው።

ሐሳቡ ከሰማይ አልወረደም። ጤና ጣቢያ ሳለሁ አንድ ልጅ ሳል ይዞት መጣ። ያመጣችው ሴትዮ ካርድ ክፍል ‹የእናት ስም› ሲሏት የራሷን ስም ሰጠች። እኔ ጋ ሲደርሱ ‹ክትባቱን ጨርሷል?› አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ ‹እኔ ጋ ሲመጣ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በፊት ያለውን እግዜር ይወቅ› አለችኝ። አክስቱ ናት። ካርዱ ላይ ግን እናቱ ናት። እንዲህ ያለ ስንት ልጅ ሳላውቀው በእጄ አልፎ ይሆን?

አማካሪዬ ርዕሱን ወደዱት። ‹ዳታ ከየት ታመጫለሽ?› የሚለው ላይ ግን ተያዝን። አንድ ወረዳ ሄጄ ስጠይቅ የሚረዷቸውን ልጆች ዝርዝር አወጡልኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ የተሰጠ ደብተርና ዩኒፎርም። ስለ ጤና አንድ ዓምድ የለም። በጤናው በኩል ደግሞ ወደ ላይ የሚሄደው ሪፖርት ድምር ነው። ስንት ልጅ ተቅማጥ ያዘው፣ ስንቱ ተከተበ ይላል። ልጁ ማን ጋ እንደሚኖር አይልም።

አማካሪዬ ያሰቡልኝ መላ የአሜሪካ መንግሥት የአደራ ቤተሰብ ዳታ ነው፤ መንግሥት ኃላፊነቱን ወስዶ ከወላጆቻቸው ውጪ ስለሚያሳድጋቸው ልጆች ማለት ነው። አፍካርስ ይባላል። ለተመራማሪ በነፃ ይሰጣል አሉ። ኮድቡኩን (እያንዳንዱ ዓምድ ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳውን መጽሐፍ) አውርጄ ሦስት ቀን አፈጠጥኩበት። ‹የጤና ችግር እንዳለበት በባለሙያ ተረጋግጧል?› የሚል ዓምድ አለው። ጥሩ ነው። ግን የሰው አገር ልጆች ቆጥሬ መንዝ ላይ ምን ልል ነው? የሠራበት ሰው ካለ ይንገረኝ። እዚሁ የሚሠራ ነገር አለ የምትሉም ብትኖሩ እሰማለሁ።

ጠጠር (ማክሰኞ ማታ 2፡41)

የቴክሳስ ልጅ አስም ስለያዘው የመሐል ሜዳ ልጅ ምን ይሁን? እዚህ ብርዱ ራሱ ምርመራ ነው። ‹ዳታ የለም› ማለት ‹ሂዱና ሰብስቡ› ማለት ነው፤ ‹ከፈረንጅ አውርዱ› ማለት አይደለም።

ሞላሌ_ሰፈር (ማክሰኞ ማታ 2፡50)

ተከታታይ ነኝ። እኔም ተመሳሳይ ነገር ላይ ነኝ።

ዳታ_ቆፋሪ (ማክሰኞ ሌሊት 6፡15)

የምንጃር ልጅ ነኝ፤ አሁን አሜሪካ ነው ያለሁት። ሥራዬ የዚህ ዓይነት ፋይል ማጽዳት ነው፤ እንጀራዬ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ትንሽ ልዘባርቅ።

አፍካርስ እያንዳንዱ ግዛት በመንግሥት አደራ ስር ስላለ እያንዳንዱ ልጅ በዓመት ሁለት ጊዜ ለፌዴራል መንግሥት የሚልከው መረጃ ነው። ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። መስከረም 30 ቀን 2023 በፈረንጅ አቆጣጠር ወደ 343 ሺህ ልጅ በአደራ ስር ነበር። በ2018 ከ430 ሺህ በላይ ነበሩ፤ እየቀነሰ ነው። ለተመራማሪ የሚያድለው የሕፃናት በደልና ቸልተኝነት ዳታ ማኅደር የሚባለው ነው። ውል ትፈርሚያለሽ፤ ይልኩልሻል።

አሁን ወደ ጤናው ዓምድ። የቀድሞው ቅጽ ሦስት መልስ ብቻ ነበረው፦ አዎ፣ የለም፣ ገና አልተወሰነም። ‹አዎ› ካለ አምስት ሳጥን ይከተላል፦ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ ማየት ወይም መስማት፣ የአካል ጉዳት፣ የስሜት መታወክ፣ ‹ሌላ›። በቃ። ኦቲዝም የራሱ ሳጥን አልነበረውም። አስምና ስኳርም ቢሆኑ ከተሞሉ የሚገቡት ‹ሌላ› ውስጥ ነው። የበሽታ ኮድ የለም። የታወቀበት ቀን የለም። የሚወስደው መድኃኒት የለም።

ዋናው ጉድ ግን ‹የለም› የሚለው ላይ ነው። አንድ ልጅ ‹የለም› ተብሎ ሲሞላ ሐኪም አይቶት ጤነኛ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። ሠራተኛዋ ፋይሉን ለመዝጋት ቸኩላ የነካችው ቁልፍም ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲታይ ሁለቱ አንድ ናቸው። አንዴ የአንድ ቢሮ ፋይል ስመለከት ‹ገና አልተወሰነም› የሚባል መልስ ዓመቱን ሙሉ አንድም የለም። ደውዬ ጠየቅሁ። ‹ኮምፒውተሩ እሱን ስንመርጥ ቀይ ያበራብናል፤ ስለዚህ ‘የለም’ እንላለን› አሉኝ። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ያን ፋይል ይዤ ‹እዚህ አካባቢ ልጆቹ ጤነኛ ናቸው› የሚል ግራፍ ሠርቼ አሳይቼ ነበር። እስካሁን ያሳፍረኛል።

እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2022 ጀምሮ ቅጹ ተለወጠ። አሁን ‹አልተመረመረም› ለብቻው ነው። ‹ተመርምሮ ምንም አልተገኘም› ለብቻው ነው። ‹ተመርምሮ ውጤቱ አልደረሰንም› የሚልም አለ። ኦቲዝምም፣ ትኩረት ማጣትና መቅበጥበጥም የየራሳቸው ቦታ አገኙ። ችግሩ አሁን ያለ ነው ወይስ ቀድሞ የነበረ ብለውም ይለያሉ። ስለዚህ ከ2022 በፊትና በኋላ ያለውን በአንድ መስመር ስበሽ ‹ጨመረ፣ ቀነሰ› ብትይ ቅጹን እንጂ ልጆቹን አልለካሽም።

@ጠጠር፣ በከፊል ልክ ነህ። ቁጥሩ ለመንዝ አይሆንም። ቅጹ ላይ የሠሩት ስህተት ግን ለመንዝ ይሆናል። ሠላሳ ዓመት ገደማ የፈጀባቸውን እሷ በአንድ ምሽት ልትማረው ትችላለች።

የመንዝ_ልጅ (ረቡዕ ጠዋት 1፡30)

@ዳታ_ቆፋሪ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መብራት ሄዶ በስልክ ብርሃን ሁለቴ አነበብኩት። እኛም ጋ እኮ ያው ነው! ሬጅስተር ላይ ባዶ ሳጥን ካየ ሱፐርቫይዘር ይቆጣል። ስለዚህ ሰረዝ እናደርጋለን። ሰረዝ ደግሞ ሪፖርት ላይ ዜሮ ይሆናል።

አንድ ጥያቄ። በአፍካርሱ ‹የአደራ ልጆች ከሌሎች ልጆች ይበልጥ ይታመማሉ› ማለት እችላለሁ?

ዳታ_ቆፋሪ (ረቡዕ ከሰዓት 9፡05)

አትችይም። ፋይሉ ውስጥ ሌሎች ልጆች የሉማ! ከማን ጋር ልታወዳድሪ ነው?

ያን የሚመልሱት በሌላ መንገድ ነው። አንዱ የቤተሰብ ጥናት ነው። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይጠየቃል፤ የአደራም የሌላውም ልጅ እዚያው አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ተርኒና ዋይልድማን የሚባሉ ተመራማሪዎች በዚህ ዓይነት ዳታ ሠርተው የአደራ ልጆች ድባቴ ከሌሎቹ ወደ 7 እጥፍ፣ አስም ወደ 2 እጥፍ ሆኖ አገኙት። ሁለተኛው መንገድ ከሜዲኬይድ ጋር ማያያዝ ነው። ሜዲኬይድ ለድሃ ሰው መንግሥት የሚከፍለው የጤና መድን ነው፤ የአደራ ልጆች ከሞላ ጎደል ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው። እዚያ የበሽታ ኮድም መድኃኒትም አለ። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 አምስት ግዛቶችን በዚህ መንገድ አይቶ የአደራ ልጆች የአእምሮ መድኃኒት የሚታዘዝላቸው ከሌሎች የሜዲኬይድ ልጆች ከ2.7 እስከ 4.5 እጥፍ ነው አለ። ትልቅ ጫጫታ ነበር። ያ ነገር ከአፍካርስ ብቻ በጭራሽ አይወጣም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። ልጁ በአደራ ስር በቆየ ቁጥር የሚያየው ሐኪም ይበዛል። ሐኪም በበዛ ቁጥር የሚገኝበት ነገር ይበዛል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ወደ ቤቱ የተመለሰው ግን ሳይመረመር ወጣ። ይህን ሳታይ ብትተነትኝ ‹ብዙ መቆየት ያሳምማል› የሚል ውጤት ይወጣልሻል።

ሲስተር_ቆላ (ረቡዕ ማታ 1፡12)

እኔ ቆላ ነኝ፤ ሸዋ ሮቢት በኩል። ሃያ ዓመት ነርስ ሠርቻለሁ። የኔ ልጅ፣ ርዕስሽ ደስ ብሎኛል። እኛ ጋ እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ ናቸው። አሁን በቅርቡ እንኳ [በአወያይ የተነሣ] ቀበሌ አንድ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ [በአወያይ የተነሣ] አለበት፣ ከአያቱ ጋር ነው፣ መድኃኒቱን ያቋረጠው አያቱ [በአወያይ የተነሣ] ስለሆኑ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ማን ይመዘግበዋል?

አወያይ (ረቡዕ ማታ 1፡40)

ሲስተር፣ ይቅርታ፤ ሦስት ቦታ ቆርጫለሁ። የልጁን ስም አልጻፉም፤ አውቃለሁ። ግን ቀበሌው፣ ዕድሜው፣ ሕመሙና አያቱ አንድ ላይ ሲነበቡ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሲስተር_ቆላ (ረቡዕ ማታ 1፡58)

ውይ! እውነትህን ነው። ስሙን ስላልጻፍኩ የደበቅኩት መስሎኝ። ይቅር በሉኝ።

ዳታ_ቆፋሪ (ረቡዕ ሌሊት 5፡30)

ሲስተርዬ አይዞዎት፤ ቢሮ ቁጭ ብለን ስንሠራም የምንስተው ነው። እንዲያውም ለእህታችን ጥሩ ማስተማሪያ ሆነ።

አፍካርስ ላይ ይህን እንዴት እንደሚሸፍኑት ላሳያችሁ። የልጁ መለያ ቁጥር ይቀየራል። የልደት ቀኑ ምንም ይሁን ምን ወሩ በገባ 15 ይደረጋል። ከዚያ ሌሎቹ ቀኖች ሁሉ፣ ከቤቱ የወጣበት፣ የተመለሰበት፣ በዚያው ልክ ይገፋሉ። ስለዚህ ስንት ቀን እንደቆየ በትክክል ታውቂያለሽ፤ የትኛው ቀን እንደሆነ አታውቂም። ብልሃቱ ደስ አይልም? ካውንቲው (እንደ እኛ ወረዳ ያለ ነው) ደግሞ በፋይሉ ውስጥ ከ1000 መዝገብ በታች ካለው ስሙ አይታይም።

አንድ ሺህ! አሁን አንድ የመንዝ ቀበሌ አስቡ። ከወላጅ ውጪ የሚያድጉት አርባ ቢሆኑ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት አንድ ቢሆን፣ ሰንጠረዥሽ ላይ ‹1› ብለሽ ብትጽፊ ስሙን ጠርተሽዋል።

ጠጠር (ሐሙስ ጠዋት 2፡10)

ይኸው፣ እኔም ተማርኩ። ዳታ ጥበቃ ሲባል የባንክ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ቀይ_እስክሪብቶ (ሐሙስ ጠዋት 3፡25)

የአንድ ወረዳ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ነኝ። ያን የደብተርና የዩኒፎርም ዝርዝር ከሚሞሉት አንዱ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ስድቡ ደርሶኛል።

ልጄ፣ አንድ ነገር ላጥራልሽ። በሕጉ መንገድ አደራ ቤተሰብ የሚባለው፣ ማለትም ቤተሰቡ ተጠንቶ፣ ተመልምሎ፣ ውል ይዞ፣ ክትትል እየተደረገበት ልጅ የሚያሳድገው፣ እኛ ጋ በጣት የሚቆጠር ነው። በ2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1070 ተሻሽሎ የውጭ ጉዲፈቻ ሲዘጋ አገር ውስጥ ያለው አማራጭ ይጠናከር ተባለ። ተባለ። በጀቱ ግን ደብተር ነው። ክትትል የምሄደው በእግሬ ነው፤ ብርዱም፣ መንገዱም፣ የጸጥታውም ነገር አለ። አንድ ቤት በዓመት አንዴ ካየሁ ደህና ነው።

ስለዚህ ‹የአደራ ልጆች› ብለሽ ብትፈልጊ አታገኚያቸውም። ያሉት በዘመድ ቤት ነው። በዘመድ ቤት ያለ ልጅ ደግሞ የትም አልተመዘገበም። በደብተሬም፣ በጤና ኤክስቴንሽኗ የቤተሰብ ፎልደርም ከቤቱ ባለቤት ጋር ያለው ዝምድና ላይ የሚጻፈው ‹ልጅ› ነው። ለምን? ስለተጠየቁ ይመልሳሉ። ‹ይሄ ልጅሽ ነው?› ስትያት ‹አይደለም› የምትል የሸዋ ሴት አሳዪኝ። ልጁ ደጅ ቆሞ እየሰማ!

ባለፈው አንዲት እትዬ ቤት ገብቼ ቅጽ ስሞላ ‹ወላጅ አልባ› የሚለውን ሳጥን ምልክት ሳደርግ እስክሪብቶዬን አየችው። ማንበብ አትችልም። ግን ‹ምንድን ነው የጻፍከው?› አለችኝ። ነገርኳት። ተነሥታ ‹አጥፋው› አለች። ‹እኔ በቁሜ እያለሁ ማን ነው ወላጅ አልባ?› አጠፋሁት። ቡና አፈላችልኝ። ድጋፉም በዚያው ቀረ፤ ምክንያቱም ሳጥኑ ካልተሞላ ዩኒፎርም የለም።

የአክስት_ልጅ (ሐሙስ ከሰዓት 8፡00)

ጋሼ፣ ያቺን እትዬ ወደድኳት።

እኔ ራሴ ሰላ ድንጋይ አክስቴ ጋ ነው ያደግሁት። እናቴ ከሞተች በኋላ። ይህን ክር ከትናንት ጀምሬ እያነበብኩ ነው፤ ‹የአደራ ልጅ፣ የአደራ ልጅ› ሲባል ሆዴን ይለኛል። ልጅ ሆኜ ሰው ‹ያንቺ ነው?› ሲላት አክስቴ ‹ታዲያ የማን ሊሆን!› ትል ነበር። ‹አደራ› የሚለው ቃል ቤታችን ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ጆሮዬ ይመግል ነበር። ሁለት ዓመት ያህል። አክስቴ ሕክምና አልወሰደችኝም። ክፋት አይደለም። የራሷን ልጅም ጆሮ አልወሰደችም፤ ቅቤ አሙቃ ታንጠባጥብ ነበር። አሁን በግራ ጆሮዬ በደንብ አልሰማም። ለዚህ አክስቴን የሚወቅስ ጽሑፍ ካወጣሽ እጣላሻለሁ። ‹ከእናቱ ጋር ቢሆን ይሻለው ነበር ወይስ ድህነት ነው?› የሚለውን ካልለየሽ አትጻፊው።

የመንዝ_ልጅ (ሐሙስ ማታ 1፡15)

@የአክስት_ልጅ ወንድሜ፣ ይህን ስለነገርከን አመሰግናለሁ። ቃሉን ከርዕሱ አወጣዋለሁ። ‹ከወላጅ ውጪ የሚያድጉ› ልበል? እሱም ይከብዳል መሰለኝ።

@ቀይ_እስክሪብቶ ጋሼ፣ ስድብ አልነበረም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጥያቄው ግን በልጦብኛል። ‹ድህነት ነው ወይስ ከእናት መለየት?› እንዴት ይለያል? ደሀ ቤትን ከሀብታም ቤት ጋር እንዳላወዳድር እንዴት ላድርግ?

ዳታ_ቆፋሪ (ሐሙስ ሌሊት 6፡40)

መልሱን እሱ ራሱ ሰጥቶሻል እኮ። ‹የራሷን ልጅም ጆሮ አልወሰደችም› አለ።

ማወዳደሪያሽ እዚያው ቤት ያለው የአክስቲቱ የራሷ ልጅ ነው። አንድ ምድጃ፣ አንድ መሶብ፣ አንድ ምንጭ ውኃ። ሁለቱ ልጆች አንድ ዓይነት ከሆኑ ነገሩ የቤቱ አቅም ነው። የመጣው ልጅ ክትባት ከጎደለውና የቤቱ ልጅ ከሞላለት፣ ያ ከመምጣቱ ጋር የተያያዘ ነው። አፍካርስ ይህን አይችልም፤ በአሳዳጊው ቤት ስላሉት ሌሎች ልጆች ጤና ምንም አይጽፍም። እዚህ አንቺ ትበልጫቸዋለሽ።

ብቸኛ ልጅ ያሳደገች አያት ጋ ግን አይሠራም። እነሱን ለብቻ ያዢ።

ሲስተር_ቆላ (ዓርብ ጠዋት 1፡50)

ልክ ነው። ግን ሁሉንም ልጅ ለኪ። ‹ይህን ብቻ ልለካው› ካልሽ ልጁም ይገባዋል፣ ሴትዮዋም ታኮርፋለች። ከትንሹ ጀምሪ፤ ልጆች ይወዱታል፤ ክንዴን ክንዴን ይላሉ። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉት የክንድ ዙሪያ መለኪያ አለሽ፤ ከ12.5 ሴንቲ በታች ከሆነ ስጋት ነው፣ ከ11.5 በታች ከሆነ እዚያው ሪፈር ጻፊ፤ ለጥናትሽ ብለሽ አትለፊው።

ደም ማነስ እለካለሁ ካልሽ ደግሞ ከፍታውን አትርሺ። መሐል ሜዳ ወደ 3000 ሜትር ከፍታ ነው። ደጋ ላይ የሄሞግሎቢን ቁጥር በተፈጥሮ ከፍ ይላል። ካላስተካከልሽው ደሙ ያነሰውን ልጅ ደህና ነው ብለሽ ትሸኚዋለሽ። እኛ ቆላ ላይ የለመድነውን መቁረጫ ይዞ ደጋ የወጣ ሰው ሲሳሳት አይቻለሁ።

ብርድ_ልብስ (ዓርብ ጠዋት 4፡30)

ከእንግሊዝ ነኝ፤ ትውልዴ ደብረ ብርሃን። እዚህም መንግሥት የሚያሳድጋቸው ልጆች በየዓመቱ ይቆጠራሉ፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2023 ላይ በእንግሊዝ ብቻ ከ83 ሺህ በላይ ነበሩ። የሚጠየቀው ግን በሽታ አይደለም። ክትባቱ ሞልቷል? በዓመቱ የጤና ምርመራ አድርጓል? ጥርሱ ታይቷል? ቀላል ጥያቄ፤ መልሱ ከካርድ የሚገኝ። ለስሜቱ ደግሞ አሳዳጊዋ የምትሞላት 25 ጥያቄ ያላት ቅጽ አለች፤ ከ4 እስከ 16 ዓመት ላለ ልጅ። ወደ አማርኛም ተተርጉማለች፤ ፈልጊያት። ‹ሌሎች ልጆች ይወዱታል?› ‹ብዙ ጊዜ ራስ ምታት ወይም ሆድ ቁርጠት ይላል?› ዓይነት ናት። ሴቶቹ ሳያፍሩ የሚመልሱት ነገር ነው።

ጠጠር (ዓርብ ከሰዓት 7፡20)

ይቅርታ ግን ሁላችሁም የትኛው ልጅ የአክስቲቱ የራሷ፣ የትኛው የመጣ እንደሆነ እንዴት እንደምታውቁ አልነገራችሁንም። ጋሼ እኮ ‹አይደለም የምትል ሴት የለችም› አሉ። መጀመሪያ ልጁን ሳታገኙት ክንዱን ለካችሁት።

የመንዝ_ልጅ (ዓርብ ማታ 3፡00)

ጠጠር፣ ዛሬ ስምህን አገኘህ፤ ጫማ ውስጥ ነው የገባህብኝ። ቀኑን ሙሉ እሱን ሳስብ ዋልኩ።

መፍትሔው ከሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ መጠይቅ ውስጥ ተገኘ። ያ አገር አቀፉ። እነሱ ‹ልጅሽ ነው?› ብለው አያቆሙም። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሁሉ ‹የወለደችው እናቱ በሕይወት አለች? እዚህ ቤት ትኖራለች? አባቱስ?› ይላሉ። ለሁሉም ልጅ፣ በተራ። ማንም አይነጠልም። እናቱ አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ከሆነች አሳዳጊዋ እንደዚያው ትላለች፤ ክህደት የለበትም። ልጅነቱን ማንም አልነካባትም።

ዛሬ እማማ ጋ ደውዬ ሞከርኩት። ቤት ስላሉት ሦስት ልጆች ጠየቅኋት። ‹ልጆችሽ ናቸው?› ስላት ‹ታዲያስ!› አለች። በሁለተኛው መንገድ ስጠይቃት ስትቆጥር ቆየችና ‹የዚህኛው እናት ጂዳ ናት፣ የዚያችኛዋ አፈር ይቅለላት፣ ትንሹ የኔው ነው› አለች። ቀጥላ ‹ምን ልትሰጧቸው ነው?› አለች። ምንም እንደማልሰጥ ነገርኳት። ‹እና ለምን ትጠይቂያለሽ?› አለች። እዚህ ላይ ጥሩ መልስ አልነበረኝም።

ቀይ_እስክሪብቶ (ዓርብ ማታ 3፡35)

እማማ የጠየቁሽን ሌሎቹም ይጠይቁሻል። ስለ እርዳታ ነው ብለው ከጠረጠሩ የማታውቂያቸው ልጆች ሁሉ እዚያ ቤት ይገኛሉ። ስለ ቀረጥ ነው ካሉ ደግሞ አንድም ልጅ አይኖርም። ቀልዴን አይደለም። ከመጀመሪያው ቃል ‹የምሰጠው የለኝም፤ የታመመ ካገኘሁ ግን ወደ ጤና ጣቢያ እጽፍለታለሁ› በያቸው። በዚያ ቃልሽ ተገኚ።

የመንዝ_ልጅ (ቅዳሜ ጠዋት 3፡10)

እሺ ጋሼ።

አማካሪዬን ዛሬ አገኘኋቸው። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። አፍካርሱን አልጣልነውም፤ መግቢያው ላይ የሌላ አገር ቅጽ እንዴት እንደተሳሳተና እንዴት እንደታረመ ለማሳየት ሁለት ገጽ ይሆናል። ቁጥር ግን አልወስድም። ዋናው ሥራ በሁለት ቀበሌ፣ ቤት ለቤት፣ በአንድ ቤት ያሉ ልጆችን ማወዳደር ነው። ክትባት፣ የክንድ ዙሪያ፣ ጆሮ፣ ጥርስ፣ ያቺ 25 ጥያቄ። ሄሞግሎቢን ተውኩት፤ በጀትም የለኝ፣ ሲስተርም አስፈራሩኝ።

የክትባቱ ጥያቄ አራት መልስ አለው፦ ካርድ አይቼ ሞልቷል፣ ካርድ አይቼ ጎድሏል፣ በቃል ብቻ ነው፣ የሚያውቅ የለም። የመጨረሻውን ለዚያች አክስት ስል ነው የጨመርኩት። ከአምስት በታች የሆነ ቁጥር ሰንጠረዥ ላይ አይወጣም። የቀበሌዎቹ ስምም አይጻፍም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁን፣ ቁጥር 1321/2016ን፣ አነበብኩት፤ የጤና መረጃ ጥብቅ ከሚባለው ውስጥ ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ካጸደቀው ከጥር በኋላ እወጣለሁ።

የአክስት_ልጅ (ቅዳሜ ጠዋት 4፡00)

ጆሮ ስላስገባሽ አመሰግናለሁ። ‹ይመግላል?› ብለሽ ብቻ አትጠይቂ፤ ‹አይመግልም› ይሉሻል፤ ለእነሱ የልጅ ጆሮ መምገል እንደ ንፍጥ ነው። ትራሱን እይ።

ሲስተር_ቆላ (ቅዳሜ ጠዋት 4፡12)

ትራሱን እይ! ሃያ ዓመት ነርስ ሆኜ ይህን ማንም አልነገረኝም።

የመንዝ_ልጅ (ቅዳሜ ጠዋት 4፡40)

ጻፍኩት። ጋሼ ቀይ እስክሪብቶ፣ ወረዳዎ የኔ ወረዳ ባይሆንም መጠይቁን መጀመሪያ እርስዎ ጋ ብሞክረው ይፈቅዱልኛል? አሥር ቤት ይበቃኛል።

ቀይ_እስክሪብቶ (ቅዳሜ ከሰዓት 8፡30)

ነይ። የድጋፍ ደብዳቤ ማኅተም ያለው ይዘሽ ነይ፤ ፎቶውን በቴሌግራም አልቀበልም። ቅዳሜ እንዳትመጪ፤ ገበያ ነው፣ ቤት የሚቀረው ልጁ ብቻ ነው። በወሩ 12 እና 21ም ቤት አይገኙም። ጋቢ ያዢ። ያቺን ‹አጥፋው› ያለችኝን እትዬም አሳይሻለሁ፤ ያንቺን ቅጽ እሷ ካሳለፈችው ሌላው አያስቸግርሽም።